በሰሞኔ የበላሁት ሰላጣ

ያደግሁት ኩሽና ውስጥ ነው። ነገር ማሳመሬ አይደለም፤ በእውነት ኩሽና ነበረ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ጣልያን የሠራው ሰፊ ቤት ነበረ፤ ጣልያን ሲወጣ በየክፍሉ ለተከራይ ተሸነሸነ። ሳሎኑ ለአንድ የመንግሥት ጸሐፊና ለሚስቱ፣ መኝታ ቤቶቹ ለነጋዴዎች፣ ኩሽናው ደግሞ ለእናቴና ለእኔ ደረሰን። መደባችን የተዘረጋው የጣልያኑ ምድጃ ከነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከግድግዳው የጥቀርሻ ውሃ ይንጠባጠብብን ነበር።

የዚያ ቤት ሸጋ ነገሩ መስኮቱ ብቻ ነበረ። ወደ ምሥራቅ የዞረ ሰፊ መስኮት ነው። ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ደፍ ሁለት ጣሳ ፊትና ኋላ አድርጎ ያስቀምጣል። ይህን የምጽፈው በዚያ ደፍ ላይ ስለ በቀለ ሰላጣና ስለ እናቴ ስም ነው። እናቴ ያልሠራችውን ሠርታለች ተብላ ኖራ፣ እንደዚያው ተብላ ተቀበረች። የሠራሁት እኔ ነኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበረ፤ በጣልያን ጊዜ በንዳድ ሞተ። የደብሩ ካህናት ደግ ሰዎች ስለ ነበሩ ከደብሩ የሚሰፈርለትን እህል አልነጠቁንም። ልጁ በድቁና እስካገለገለ ድረስ ድርሻው አይቋረጥም አሉ። ስለዚህ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ጨውን፣ በርበሬውንና ኪራዩን እንደምትችል አይታየኝም። ድምፄ ያምራል እየተባልሁ ነዋ! የድምፄ ማማር እንጀራ የሚጋግር ይመስለኝ ነበር።

ልብስ ከምታጥብላቸው ሰዎች አንዱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ጣልያን ነበረ። ማኪና ሲጠግን ይውላል፤ እጁ ከቅባት አይጠራም። አንድ ቀን ልብሱን ሊወስድ መጥቶ መስኮቱን አየና ሳቅ አለ። የቀድሞው ወጥ ሠሪ እዚህ ደፍ ላይ ሰላጣ ይተክል ነበር ብሎ በተሰባበረ አማርኛ አጫወታት። በሌላ ቀን በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ዘር አመጣላት። እናቴ ዘሩን መዳፏ ላይ አድርጋ እፍ ልትለው ስትል እጇን ያዘው፤ ገለባ መስሏት ነው።

ጣሳዎቹን ከሱቆች ደጅ ለቀመች። ቂጣቸውን በሚስማር ትበሳና ከሥር ጠጠር ታደርጋለች። «ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል» ትላለች። የገጠር ልጅ ስለ ሆነች ይህን የሚነግራት አላስፈለጋትም። ያስቸገራት አፈሩ ነው፤ የግቢያችን አፈር ኖራና የጡብ ስባሪ ነበረ። ኮሶዬ ላለው ወንድሟ ላከችበት። አጎቴ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ፍግ የተቀላቀለበት ጥቁር አፈር በስልቻ ሙሉ በአህያ ጭኖ መጣ። ደጃፉ ላይ እያራገፈ ይነጫነጫል።

«ምነው እቴ፣ ጎንደር አፈሩ አለቀባት? ገብስ ጭኜ ስመጣ ሰው ሁሉ አያ ይለኛል። ዛሬ ግን መንገድ ሙሉ ሲሳቅብኝ መጣሁ።»

«ሳቁን ለነሱ ተውላቸው፤ አፈሩን ግን ወዲህ በለው» አለችው።

እየተነጫነጨ ከጉያው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጦስኝ ከነሥሩ አወጣ። አልጠየቀችውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበረ።

በሁለተኛው ዓመት ደፉ ሞላ። አራት ጣሳ ሰላጣ፣ አንድ ጣሳ ፌጦ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የአጎቴ ጦስኝ። ሽንኩርትና ምስር ያጠበችበት ውሃ አይደፋም፤ ለጣሳዎቹ ነው። ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲንጋደድ ጣሳውን ታዞረዋለች። ሰላጣውን ከሥሩ አትነቅለውም። የውጭ የውጩን ቅጠል በትንሽ ቢላ እየቆረጠች መካከሉን ትተወዋለች። «ልቡን ካልነካኸው እስከ ክረምት ያበላሃል» ትለኝ ነበር። አንዱን ጣሳ ደግሞ ጨርሶ አትቆርጠውም። እሱ ረዝሞ ያብባል፤ ሲደርቅ ዘሩን በእጇ አሽታ በጨርቅ ትቋጥራለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጋዜጣ በኋላ ዘር ከማንም አልለመነችም፣ አልገዛችምም። በጾም ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ጨውና ቃሪያ ጣል ታደርግበታለች፣ ካለም ጠብታ የኑግ ዘይት። ከሽሮው ጎን ሲቀርብ ገበታው የጠገበ ሰው ገበታ ይመስላል።

እኔ ግን አፍርበት ነበር። በዚያን ዘመን በእኛ አገር ቅጠል ጥሬውን የሚበላ ከብት ነው፤ ጎመን እንኳ ቢሆን ይቀቀላል። የጸሐፊው ሚስት በመስኮቱ ባለፈች ቁጥር «ፍየል ልታረቢ ነው እንዴ?» ትላታለች። ነገሩ ከግቢው አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ጓደኞቼ ዲያቆናት «ቅጠል በል» የሚል ስም አወጡልኝ። ዜማ ስመራ ከኋላዬ ሆነው እንደ ፍየል የሚያላምጡ ነበሩ። አንድ ቀን እናቴን ጣሳዎቹን ከመስኮቱ አውርጂልኝ አልኋት።

«ሰው እየሳቀብን ነው።»

«የሚስቅብህ ሰው ራት አያበላህም» አለችና ጣሳዋን አዞረች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ሰሞነኛ ሆንሁ። ሰሞነኛ ማለት ሳምንቱን ሙሉ ለቅዳሴ ተረኛ የሆነ ማለት ነው። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሚቀድስ ሰው እስከዚያ ድረስ እህል ቀርቶ ውሃ አይቀምስም፤ ቀድሶ ቆርቦ ነው የሚገድፈው። ቀምሶ መቅደስ የገባ ዲያቆን ምን እንደሚባል ከፊደል ጋር የተማርሁት ነገር ነው። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ረቡዕ ነበረ። እናቴ ጠዋት ልብስ ልታጥብ ቀሃ ወንዝ ስትወርድ «ፀሐዩ በርትቷል፤ ቀትር ላይ ብቅ ስትል ጣሳዎቹን ውሃ አጠጣልኝ» ብላኝ ሄደች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጠላ ልቀይር ወደ ቤት መጣሁ። ውሃውን በጣሳ ቀድቼ ማጠጣት ጀመርሁ። አፈሩ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ባዶ ሆድ ላይ እሱም ምግብ ምግብ ይላል። ከሥር የቢጫነት ጥላ የመታትን አንዲት ቅጠል ቀነጠስሁ። ልጥላት ነበር። አፌ ውስጥ አገኘኋት።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዘነጋሁ ለማለት ይመቸኝ ነበር። አላቆምሁም። ሁለተኛዋን እያወቅሁ ቆረጥሁ፤ ሦስተኛዋን ፌጦ ጠቅልዬባት በላሁ። ከዚያ በዳር ያለውን ጣሳ በአንድ እጄ ይዤ የሰላጣውን ልብ በሌላው መዝዤ ነቀልሁት። ከጉቶው ነጭ ወተት ወጣ፤ ጣቴን ላስሁት። ቆሜ፣ እንደ ሌባ በሩን እያየሁ፣ ጨርሼ በላሁት። የአባቶቼን ጾም የሻርሁት በሥጋ አይደለም፣ በቅቤም አይደለም፤ በቅጠል ነው። ሰይጣን ራሱ ቢሰማ ያፍርብኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ሌሎች ዲያቆናት ነበሩ። «ገድፌአለሁ፤ አንዳችሁ ልበሱልኝ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቢበዛ ተቆጥተው ቀላል ንስሐ ይሰጡኛል። ግን ምን በልተህ ቢሉኝስ? ሰላጣ? ቅጠል በል የሚለው ስም እስከ መቃብሬ የሚከተለኝ መሰለኝ። የጓደኞቼን ሳቅ ከእግዚአብሔር ይልቅ ፈራሁ። ልብሰ ተክህኖውን ለበስሁና ገባሁ። ድምፄ በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ያማረ ነበር፤ ይህን ማስታወሴም ያሳፍረኛል። ቆረብሁም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጸበል ጠጥተን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆምን። በዕለቱ የቀደሱት የእኔም የእናቴም የነፍስ አባት ነበሩ። የአባቴ ባልንጀራ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ዜማዬን አመስግነውኝ ፈገግ ስል ዓይናቸው አፌ ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ከጥርስህ መካከል ምንድን ነው?»

በምላሴ ዳሰስሁት። ቅጠል ነው። ቅዳሴውን ሙሉ ከእኔ ጋር ሲቀድስ የዋለ ቅጠል።

«ቀምሰሃል?» አሉኝ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ያን ጊዜ አፌ የተናገረውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «እናቴ ናት» አልሁ። «የሰላጣውን ጨው ቅመስልኝ አለችኝ። ዘንግቼ ቀመስሁላት።»

«ሰሞነኛ መሆንህን እያወቀች?»

«እሷም ዘንግታ ይሆናል፣ አባ።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ልመልሰው ብል እንኳ መንገድ አልነበረውም፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤታችን መሄድ ጀምረው ነበር። ራቅ ብዬ ተከተልኋቸው። እናቴ ከወንዝ ተመልሳ ልብሱን ግቢው ገመድ ላይ ዘርግታ ጨርሳ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እሳቸው ገቡ፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ተለጥፌ ቆምሁ። ከራሴ በላይ የጣሳዎቹ ቂጥ ይታየኛል፤ ያጠጣሁት ውሃ በሚስማሩ ቀዳዳ አሁንም ይንጠባጠባል።

«ልጅሽን በሰሞኑ ምግብ አቅምሰሽዋል?» ሲሉ ሰማሁ።

ቀና ብዬ ሳይ እጇ ደፉ ላይ ነበረ። በዳር ያለውን ጣሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ጣቶቿ የተነቀለውን ልብ ጉቶ ዳሰሱት፤ ዳሰሱትና እዚያው ቆዩ። እሷ በቢላ ነው የምትቆርጠው። ይህ በእጅ የተነጨ ነው። ያ እጅ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

«አዎ፣ አባ» አለች።

«ምነው? ምን ብለሽ?»

ዝም አለች። የምትለው አልነበራትማ፤ እኔ ምን ብዬ እንደ ዋሸሁ በምን ታውቃለች?

«ለጨው ብለሽ ነው?» አሉ እሳቸው።

«አዎ፣ ለጨው ብዬ ነው።»

«ሰሞነኛ መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ አባ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ እናት ቅመስ ስትለው።»

የነፍስ አባታችን ቀኖናዋን ሰጧት። እስከ ፋሲካ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አታልፍም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። በየቀኑ አርባ አንድ ትሰግዳለች። የጸሎተ ሐሙስን ቁርባን አትቆርብም። እናቴ ጸሎተ ሐሙስን ሳትቆርብ የቀረችበት ዓመት አልነበረም። ለእኔ ግን በእናቴ እጅ የተሳሳትሁ ስለ ሆንሁ ቀለል አለልኝ፤ ሰሞኑን ለሌላ ሰጥቼ፣ ሱባኤ ገብቼ፣ ድቁናዬም እህላችንም እንዳለ ቀጠለ።

እሳቸው ሲወጡ በማዕዘኑ ዞሬ ተደበቅሁ። በኋላ ስገባ ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ደግ ነበር። ሽሮ እያማሰለች ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ጣሳዎቹን ውሃ አጠጣሃቸው?»

«አጠጣኋቸው።»

«ደግ አደረግህ።»

ሆድ ካገር ይሰፋል የሚሉት ነገር ምን እንደ ሆነ በዚያ ምሽት አየሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ እናቴ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከየኔ ቢጤዎቹ አጠገብ ትቆም ጀመር። የመሪጌታ ሚስት ናት፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሴቶቹ «ምነው፣ ምን አግኝቶሽ ነው?» ሲሏት ሐሜት ሳይቀድማት ራሷ ትነግራቸዋለች። «ልጄን በሰሞኑ አቅምሼው ነው» ትላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብሩ ሙሉ ዲያቆን ያስገደፈች ይላት ጀመር። የጸሐፊው ሚስት ልብስ ማሳጠቧን ተወች፤ እንዲህ ካለች ሴት እጅ ደስ አይለኝም አለች አሉ። እኔ ሱባኤዬን ጨርሼ ስመለስ በእናቴ አጠገብ አልፌ እገባለሁ። እሷ ዝቅ ብላ መሬቱን ትስማለች፤ እኔ ቀና ብዬ አልፋለሁ። ከውስጥ ሆኜ ስቀድስ ድምፄ እስከ ቅጥሩ ውጭ እንደሚሰማት አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ ልናገር ሄጄ ነበር። ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። የነፍስ አባታችን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተንበርክኬ መስቀል ተሳለምሁና «አባ፣ ስለ እናቴ…» ብዬ ጀመርሁ። ራሴን ዳሰሱኝ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ከብዶሃል። እናትህን ግን አትቀየማት። ሰው ናት፤ ትሳሳታለች።»

«እሺ፣ አባ» አልሁ። ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። መንገድ ላይ ራሴን ስንት ጊዜ እንደ ሰደብሁ እኔ ነኝ የማውቅ፤ ግን ወደ ኋላ አልተመለስሁም።

በጸሎተ ሐሙስ የቅጥሩን ድንጋይ ተደግፋ ሰው ቆርቦ ሲወጣ ታያለች። አፉን በነጠላው የሸፈነውን ሁሉ ዝቅ እያለች እጅ ትነሣለች። በየዓመቱ ከሚቆርቡት ሴቶች መካከል በዚያ ዓመት ጤነኛ ሆና ሳለች የቀረችው እናቴ ብቻ ነበረች።

ፋሲካ ሆነ። እናቴ ቀኖናዋን ፈጽማ በሌሊት ቅዳሴ ከሰው ጋር ገባች። ጠዋት ዶሮው ወጣ፤ አጎቴም ከኮሶዬ አይብ ልኮልን ነበር። ስበላ እናቴ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ያን የዳር ጣሳ አነሣች። ልቡ የተነቀለው ሰላጣ አልሞተም ነበር፤ ከጉቶው ጎንና ጎን ሦስት አራት ትንንሽ ልጆች አቆጥቁጦ ነበር። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ እስከ ፋሲካ አልነካቻቸውም። በትንሿ ቢላ ቆረጠቻቸው፣ ሎሚ ጨመቀችባቸው፣ ጨው ነሰነሰችባቸውና በቆርቆሮ ሳህን ፊቴ አስቀመጠችልኝ።

«ብላ፤ ዛሬ ተፈቅዷል።»

ዶሮ ባለበት በፋሲካ ጠዋት ማን ቅጠል ይበላል? ገባኝ። አቀርቅሬ አንድ በአንድ በላሁ። እናቴ እስክጨርስ ከአጠገቤ ሳትነሣ ቆየች። ከዚያ በኩባያ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ።

«ተጉመጥመጥ» አለችኝ። «ከጥርስህ እንዳይቀር።»

ዓይኗን ቀና ብዬ አየሁት። ቁጣ አልነበረበትም። ይቅርታ እንድጠይቃት የጠበቀችኝ ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ከጠየቀችኝ ሁሉ ከባዱ እሱ ነበረ። ውሃውን አፌን ሞልቼ ያዝሁ። አፉ በውሃ የሞላ ሰው አይናገርም። ውጭ ወጥቼ ተፋሁት፤ ስመለስ ሳህኑን አጥባ ጨርሳ ነበር።

ሃያ ሲሞላኝ ድቁናውን ትቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆንሁ። ደሞዜን ስቀበል እናቴን ከዚያ ኩሽና አወጣኋት፤ አዘዞ መንገድ ላይ ጓሮ ያለው ቤት ተከራየሁላት። ጓሮ እያላት ጣሳዎቿን ተሸክማ መጥታ መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። ያን ሁዳዴ አንድም ቀን አላነሣነውም። የነፍስ አባታችን ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ከእንግዲህ የምነግረው ሰው የለም አልሁ። እፎይታ ነበረበት፤ አልዋሽም። ዋሽቼ ጠግቤአለሁ።

እናቴ የሞተችው በጥቅምት ነው፤ ታማ ብዙ አልተኛችም። የቀበርናት በዚያው ደብር፣ ከዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው ሲበተን አንዲት አሮጊት መጥታ አቀፈችኝ። በወጣትነቷ ከእናቴ ጋር ወንዝ ትወርድ የነበረች፣ የምትወዳት ሴት ናት፤ እንባዋ የእውነት ነበር።

«እግዜር ነፍሷን ይማራት» አለችኝ። «ያንንም የድቁናህን ነገር ይተውላት። ሳታስበው ነው እንጂ ክፉ አልነበረችም።»

ካህናቱ ገና አልሄዱም። ጓደኞቼ የነበሩት ዲያቆናት ቄስ ሆነው ከመቃብሩ ማዶ ቆመው ነበር። ሁሉም ይሰሙኛል። ምላሴን ጥርሴ ላይ አገኘሁት፤ ቅጠሉን እየፈለገ።

«አሜን» አልሁ።